የአያት ኪታብ በየትኛው ስም ይፈለጋል?



የረመዳን ወር ሲገባ በየቤቱ ከሣጥን የሚወጣ ነገር አለ። ዓመቱን ሙሉ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ የልጅ እጅ እንዳይደርስበት ከፍ ብሎ የከረመ የአባት ወይም የአያት ኪታብ ነው። አንዱ ቤት ሙስሐፍ ነው፤ ሌላው ቤት መውሊድ ወይም የፊቅህ ኪታብ፤ ሌላው ቤት ደግሞ በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ የአማርኛ መንዙማ። በእኛ አካባቢ፣ በገዘርና በጂንካ፣ ይህ ዕቃ የራሱ ታሪክ አለው። ከሙስሊሙ ቤተሰብ መካከል አባቶቻቸው ከወሎ፣ ከስልጤ፣ ከጉራጌና ከሌላም አገር ለንግድና ለሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ አሉ። ከዕቃቸው ጋር ኪታባቸውም አብሮ መጣ። ያመጣው ሰው ካረፈ ቆይቷል፤ ማንበብ የሚችለው ልጅም ከቤት ርቋል፤ ኪታቡ ግን አለ።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ወጣቶች ከተራዊሕ በኋላ እንዲህ ያለውን ኪታብ ይዘው ወደ እኛ ይመጣሉ። "ይህ ምንድን ነው? ማን ደረሰው? ሌላ ቦታስ ይገኛል?" ይላሉ። በስልካቸው ፈልገው ምንም እንዳላገኙ ይነግሩናል። ምን ብለው ጽፈው እንደፈለጉ ስንጠይቃቸው ግን ነገሩ እዚያው ላይ ይገለጣል። ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት ነገር ኢንተርኔት ላይ አለ፤ የተመዘገበው ግን እኛ በምንጠራው ስም ሳይሆን መዝጋቢው በሰማበትና በጻፈበት ስም ነው። ያንን ስም ማወቅ የፍለጋው ግማሽ ነው።

መጀመሪያ የት እንደሚፈለግ እንንገር። በአሜሪካ ሚኒሶታ ያለው ሂል የእጅ ጽሑፎች ሙዚየምና ቤተ መጻሕፍት የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ በ1973 እ.ኤ.አ. የጀመረ ተቋም ነው። ከአገራችን በብዛት የያዘው የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትን ነው፤ ሆኖም ከማሊዋ ቲምቡክቱና ከቁድስ የተነሡ እጅግ ብዙ እስላማዊ የእጅ ጽሑፎችንም ያሳያል። በነፃ ይመዘገቡበታል፤ ከተመዘገቡ በኋላ ገጹን እያገላበጡ ማየት ይቻላል። በለንደን የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ሥር ያለው ለአደጋ የተጋለጡ መዛግብት ፕሮግራም ደግሞ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየአገሩ በቤትና በመስጂድ ያሉ ጽሑፎች ባሉበት ሆነው በካሜራ እንዲነሡ ገንዘብ ሲሰጥ ኖሯል። ዋናው ኪታብ ከባለቤቱ አይወሰድም፤ ምስሉ ብቻ ነው የሚሄደው። በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር አለሳንድሮ ጎሪ የተመራው "እስልምና በአፍሪካ ቀንድ" የተባለው ጥናት ከ2013 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. የእኛን አካባቢ ዑለማዎች ኪታቦች በደራሲ፣ በርዕስና ባሉበት ቦታ ለይቶ መዝግቧል። እኚሁ ሰው ከሌሎች ጋር ሆነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የዐረብኛ የእጅ ጽሑፎች ዝርዝር በ2014 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ኢትዮጵያዊ ሙስሊም ስለ ኪታቡ ሲጠይቅ ከዚህ ዝርዝር ቢጀምር ይሻለዋል እንላለን፤ ለእኛ ኪታብ የቅርብ ዘመዱ እዚያ ነውና።

በስልክ ላይ በተለመደው መንገድ ጽፎ መፈለግ ብዙ ጊዜ ወደ እነዚህ ስብስቦች ውስጥ አይገባም። ከበር ላይ ቆሞ እንደመጣራት ነው። ወደ ተቋሙ ገጽ ገብቶ፣ የራሱን መፈለጊያ ከፍቶ፣ እዚያ ውስጥ መጻፍ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ስሙ እንምጣ። የራሳችንን አገር ምሳሌ እናድርግ። አንድ ልጅ ስለ ገዘር የድሮ ፎቶ ወይም ጽሑፍ ለማግኘት የከተማችንን ስም በላቲን ፊደል ይጽፋል። የሚመጣለት በፍልስጤም ምድር ያለ፣ ገዘር የሚባል ጥንታዊ የፍርስራሽ ከተማ ነው፤ በ1908 እ.ኤ.አ. ተቆፍሮ የወጣ የእርሻ ወራት ዝርዝር የተቀረጸበት ድንጋይ ስላለ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። የእኛ ገዘር ከሱ ሥር ተቀብሮ ይቀራል። "ገ" ን "ጋ" አድርጎ "ጋዘር" ብሎ ቢጽፍ ደግሞ ሌላ መንገድ ይከፈትለታል፤ በመንግሥት ወረቀት ላይ የኖረው አጻጻፍ ይህኛው ነውና። ከዚያም ወረዳው ለብዙ ዘመን የተጠራበትን "ባኮ ጋዘር" ን መሞከር ነው። ወረዳው ተከፋፍሎ ደቡብ አሪና ሰሜን አሪ የሚሉ ስሞች ከመጡ ቆይቷል፤ በካታሎጎች ውስጥ ግን ባኮ ጋዘር አልሞተም።

ከዚያም ወደ ኋላ መሄድ ነው። በንጉሡ ዘመን አገራችን በጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበር፤ በደርግ ዘመን ክፍለ ሀገር ተባለ። ጂንካም የገለብና ሐመር ባኮ አውራጃ ከተማ ነበረች። ከጂንካ በፊት ደግሞ የአካባቢው የአስተዳደር መቀመጫ ባኮ ነበረች። ስለዚህ ከ1966 በፊት የተጻፈ ወረቀት ወይም የተነሣ ፎቶ "ደቡብ ኦሞ" ተብሎ ቢፈለግ ላይገኝ ይችላል፤ ያኔ ይህ ስም የአስተዳደር ስም አልነበረማ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ክልላችን ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተባለ፤ አሪም ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ነገ የሚመዘገበው በዚህ ስም ነው፤ የትናንቱ ግን በትናንት ስሙ ተቀምጧል፤ ማንም ተመልሶ አላስተካከለውም። ቤተሰብ ተሰብስቦ ሲፈልግ አያቶችን "እናንተ ልጅ ሳላችሁ ይህ ቦታ ምን ይባል ነበር?" ብሎ መጠየቅ ከማንኛውም የኮምፒዩተር ትምህርት ይበልጣል። ባኮ ብቻ ብሎ መጻፍ ግን አይበቃም፤ በምዕራብ ኦሮሚያ ሌላ ባኮ አለ፤ እሱ ደግሞ በእርሻ ምርምሩ የታወቀ ስለሆነ ይቀድማል። "ባኮ" እና "ጂንካ"፣ ወይም "ባኮ" እና "ጋሞ ጎፋ" አንድ ላይ መጻፍ ይገባል።

የጻፈው ሰው የማን አገር ሰው እንደነበረም መጠየቅ ነው። "ጀ" የሚለውን ድምፅ እንግሊዝ በአንድ ፊደል፣ በ"ጄ"፣ ይጽፈዋል። ፈረንሳይ "ዲ" ጨምሮበት በሁለት ፊደል ይጽፈዋል። ጀርመን አራት ፊደል ያስፈልገዋል፦ ዲ፣ ኤስ፣ ሲ፣ ኤች። ጣሊያን ደግሞ በ"ጂ" ይጽፈዋል፤ ጅማ በጣሊያን ካርታ ላይ በእንግሊዝኛ ዓይን ላየው "ጊማ" የሚመስለው ለዚህ ነው። ጣሊያኖች "ወ" ንም በ"ዩ" ፊደል ስለሚጀምሩት ወሎ በወረቀታቸው ላይ "ኡሎ" መስሎ ይታያል። ጂንካን የሚፈልግ ሰው በእነዚህ አራት መንገዶች ጽፎ ካልሞከረ፣ ሞክሬ አጣሁ አይበል።

ይህ ለእኛ አካባቢ ቁም ነገር ያለው ጉዳይ ነው። በጀርመን ፍራንክፈርት ያለው ፍሮቤኒየስ ተቋም ተመራማሪዎቹን ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ በ1934 እና 35፣ ኋላም ከ1950 እስከ 52 እና ከ1954 እስከ 56 እ.ኤ.አ. ልኮ ነበር። አዶልፍ የንዘንና አይከ ሀበርላንድ ከእነዚህ ውስጥ ነበሩ። ሠዓሊዎችም አብረው መጥተው ነበር። ፎቶግራፎቹና ሥዕሎቹ ዛሬ በተቋሙ የምስል ቤተ መዛግብት በኢንተርኔት ይታያሉ። የአሪን ሕዝብ ግን ብዙ ጊዜ "ባኮ"፣ "ባካ"፣ "ሻንጋማ" በሚሉ ስሞች ነው የምታገኙት፤ መግለጫውም በጀርመንኛ ነው። ገበያ "ማርክት"፣ መስጂድ "ሞሼ" መባሉን ማወቅ ይጠቅማል። በጣሊያን መዛግብት ደግሞ መስጂድ "ሞስኬያ"፣ ገበያ "መርካቶ" ነው፤ ይህን እንኳ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እንዲህ ባሉ የድሮ መግለጫዎች ውስጥ ዛሬ የማንናገራቸው፣ ሕዝብን የሚያዋርዱ ስሞች ይገጥማሉ። ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው የሚፈልጉ ከሆነ ይህን አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ልጁ ስሙን በስልኩ ላይ አይቶ የተፈቀደ እንዳይመስለው። በጂንካ ኮረብታ ላይ ያለውን የደቡብ ኦሞ ምርምር ማዕከልና ሙዚየም አስቀድሞ መጎብኘትም ለፍለጋው ይረዳል፤ ዕቃውን በዓይን ያየ ሰው ምስሉን በቶሎ ይለየዋል።

ኪታብን በተመለከተ ግን እኛ የመድረሳ ልጆች ከሌላው የምንሻልበት ነገር አለ። ቀድሞውኑ ስምን በሰንሰለት ነው የተማርነው። አንድ ዓሊም ኢስም አለው፤ ኩንያ አለው፤ ለቀብ አለው፤ ከአገሩ ወይም ከጎሣው የሚወጣ ኒስባ አለው። ካታሎግ የሚሠሩ ሰዎች ደግሞ አንዱን መርጠው ከፊት ያስቀምጣሉ። ሸኾቻችንን በሰፈራቸው ስም መጥራት ልማዳችን ነው፤ የወሎውን ሸኽ ሙሐመድ ሻፊን ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በጃማ ንጉሥ ነው። መዝገቡ ላይ ግን "ሙሐመድ" ተብለው ይገኛሉ፤ ስንት ሙሐመድ እንዳለ ደግሞ አላህ ያውቀዋል። ስለዚህ ስምና አባት ስም፣ ከዚያ ኒስባ፣ ከዚያ ሰፈር እያሉ አንድ በአንድ መሞከር ነው።

በዐረብ አገር ስብስቦች ውስጥ "ኢትዮጵያ" ብሎ የሚፈልግ ሰው ጥቂት ያገኛል። የአባቶቻችን ኒስባ አል-ሐበሺ፣ አል-ጀበርቲ፣ አዝ-ዘይለዒ ነበር። በካይሮ አል-አዝሀር የእኛ አገር ደረሶች ማደሪያ ሪዋቅ አል-ጀበርቲ ይባል ነበር። የግብጽን ታሪክ የጻፈው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (1753 – 1825 እ.ኤ.አ.) ዘሩ ከእኛው ነው። በሐነፊ ፊቅህ የታወቀው ፈኽሩዲን አዝ-ዘይለዒ በ743 ሒጅራ፣ የሐዲሱ ሊቅ ጀማሉዲን አዝ-ዘይለዒ በ762 ሒጅራ ያረፉ ናቸው፤ ሁለቱን አንድ ሰው አድርገው የሚያነቡ አሉ፤ የሞቱበት ዓመት ይለያቸዋል። ጥንቃቄም ያስፈልጋል። አል-ሐበሺ የሚባል ሁሉ ሐበሻ አይደለም። በሐድረሞት አል-ሐበሺ የሚባሉ የሰይዶች ቤተሰብ አሉ፤ "ሲምጡ ዱረር" የተባለውን መውሊድ የደረሱት ዐሊይ አል-ሐበሺ ከእነሱ ናቸው። ኒስባ አይቶ የእኛ ነው ብሎ መፎከር አይገባም።

በርዕስም ቢሆን እንዲሁ ነው። እኛ ቤት "ቡርዳ" የምንለው በካታሎግ "አል-ከዋኪብ አድ-ዱሪያ" ተብሎ ሊቀመጥ ይችላል፤ ኢማም አል-ቡሲሪ የሰጡት ስም እሱ ነውና። "በርዘንጂ" የምንለው መውሊድ ትክክለኛ ርዕሱ "ዒቅዱል ጀውሀር" ነው፤ በርዘንጂ የደራሲው ኒስባ ነው። "ደላኢል" የምንለው የኢማም አል-ጀዙሊ "ደላኢሉል ኸይራት" ነው። "ሚንሃጅ" ብቻ ብሎ የሚጽፍ ሰው በመቶ የሚቆጠር ሚንሃጅ ይመጣበታል፤ የኢማም አን-ነወዊን ከፈለገ "ሚንሃጁ ጣሊቢን" ብሎ ከደራሲው ስም ጋር ያያይዘው። በዐረብኛ ፊደል ለሚፈልግ ሌላም ምክር አለን። "አል" ን ጥሎ ይጻፍ። ሐምዛ ያለበትን ቃል አንዴ በሐምዛ አንዴ ያለ ሐምዛ ይሞክር፤ የመጨረሻዋን ታእ መርቡጣም በሃእ ይሞክር። በላቲን ከሆነ ከፊደል ሥርና ከላይ ያሉትን ነጥብና ሰረዝ ትቶ መጻፍ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። "ሸኽ" የሚለው ማዕረግ ግን በእንግሊዝ፣ በጀርመንና በጣሊያን አጻጻፉ ፈጽሞ የተለያየ ስለሆነ እሱን ጭራሽ መተው ይሻላል።

የመጀመሪያው ወረቀት የተቀደደበት፣ ርዕሱ የጠፋ ኪታብ እንዴት ይፈለጋል? ቢስሚላህና ሐምደላው በሁሉም ላይ ስላለ አይለይም። "ወበዕድ" ከሚለው በኋላ ያለውን ማንበብ ነው፤ ብዙ ደራሲ ራሱን የሚያስተዋውቀው እዚያ ነው። ከዚያ ወረድ ብሎ "ወሰመይቱሁ" የሚል ቃል ካለ፣ "ስሙን እንዲህ ብዬ ሰየምኩት" ማለት ነውና ርዕሱ ከፊቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እሱም ከጠፋ ከሐምደላው በኋላ ያሉትን አምስት ስድስት ቃላት እንዳሉ መጻፍ ነው። ጥሩ ካታሎግ የኪታቡን መጀመሪያና መጨረሻ ቃላት ይመዘግባል።

የመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ ቤተሰብን የሚያነካካ ነገር አለ፤ በቀስታ እንናገረው። "አያታችን የደረሱት ኪታብ ነው" ብለው የሚያመጡልን አሉ። ስንከፍተው የአያታቸው ስም በእውነት አለ፤ ከፊቱ ያለው ቃል ግን "ከተበሁ" ነው፤ ገለበጠው፣ ጻፈው ማለት ነው። ደራሲ ቢሆን "አለፈሁ" ይል ነበር። አንዳንዴ ደግሞ የባለቤትነት ማስታወሻ ነው፤ አንዳንዴ ወቅፍ። ይህ የአያትን ክብር አይቀንስም። በሻማና በኩራዝ መቶ ወረቀት በእጁ የገለበጠ ሰው ትንሽ ሰው አይደለም። ለፍለጋ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው፦ ካታሎጎች ደራሲን፣ ጸሐፊን (ገልባጭን) እና የቀድሞ ባለቤትን በሦስት የተለያየ ቦታ ያስቀምጣሉ። የአያቱን ስም በደራሲ ቦታ የሚፈልግ ልጅ ዘመኑን ሙሉ ቢፈልግ አያገኘውም፤ በጸሐፊ ቦታ ቢፈልገው ግን አያቱ የገለበጡት ሌላ ኪታብ በሌላ ከተማ ሊያገኝ ይችላል።

በጣም የሚከብደውና ለእኛ በጣም የሚቀርበው የዐጀም ጽሑፍ ነው፤ ቋንቋው አማርኛ፣ ፊደሉ ዐረብኛ። የወሎዎቹ ሸኾች፣ ከእነሱም ሸኽ ጦልሐ ቢን ጀዕፈር፣ በዚህ መንገድ የደረሷቸው መንዙማዎች ሕዝቡን ያስተማሩ ናቸው። በካታሎግ ላይ ግን በሁለት ወንበር መካከል ወድቀዋል። ዐረብኛ ብሎ የሚፈልግ ያጣቸዋል፤ አማርኛ ብሎ የሚፈልግ የግዕዝ ፊደል ይጠብቃል። ቋንቋና ፊደል ለየብቻ የሚመረጥበት ስብስብ ከሆነ በቋንቋ ቦታ አማርኛን፣ በፊደል ቦታ ዐረብኛን መምረጥ ነው። ያ ከሌለ "ዐጀሚ" የሚለውን ቃል በላቲን መጻፍ ነው። የሚመጣው ዝርዝር አጭር ይሆናል፤ ሁሉንም ከፍቶ ማየት ይቻላል።

ይህ ነገር በአንድ የገዘር ቤተሰብ ላይ እንዴት ዋጋ እንዳገኘ እንንገር። ባለፈው ዓመት ቤታቸው ውስጥ አንዲት ትንሽ የመንዙማ ደብተር ነበረች፤ መጀመሪያዋ ተቀዷል፤ ዳርና ዳሯን ብል በልቷታል። አሮጌ ዕቃ እየገዛ የሚዞር ሰው መጥቶ ጥሩ ገንዘብ አቀረበላቸው። ጊዜው ክፉ ነበር፤ ለዒድም ለትምህርት ቤትም ገንዘብ ያስፈልጋል። እናትየዋ ሽጡት አሉ፤ የታላቁ ልጅ አቋም "እስከ ረመዳን መጨረሻ ቆዩ" የሚል ነበር። ወደ እኛ አመጣው። መንዙማ ደራሲ ብዙ ጊዜ ወደ መጨረሻ ላይ ስሙን በስንኙ ውስጥ አስገብቶ ዱዓ ይጠይቃልና በቀጥታ ወደ መጨረሻው ሄድን። ስሙ አለ። አዝማቹንም በወረቀት ላይ በግዕዝ ፊደል ጻፍነው፤ ከዚያም በላቲን ሦስት ዓይነት አድርገን። ልጁ ሌሊት ሌሊት፣ ኔትወርኩ በሚሻልበት ሰዓት፣ ከሱሑር በፊት እየተነሣ ፈለገ። በዐሥረኛው ሌሊት ገደማ የሸኹን ስም አገኘ፤ በስማቸው የተመዘገቡ ሌሎች መንዙማዎችም ተገኙ። በደብተሯ ካሉት ውስጥ ሁለቱ እዚያ አሉ። ሦስተኛው ግን የለም።

የለም ማለት ምን ማለት ነው? ልጁ የጠየቀን ይህን ነው። ካልተመዘገበ በዓለም የለም ማለት አይደለም፤ ሌላ ሰው ሣጥን ውስጥ ሊኖር ይችላል። ነገር ግን የሚያውቁት ሰዎች እስካሁን አላዩትም ማለት ነው፤ ለገዢው ሰው ተሽጦ ቢሆን ኖሮ ማን ያየው ነበር? አልሸጡትም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በዘፈቀደ ከአገር እንዳይወጣ የሚከለክል መሆኑንም ነገርናቸው። እውነቱን ለመናገር ግን እናትየዋን ያሳመናቸው አዋጁ አልነበረም። ልጃቸው በዐሥራ አምስተኛው ሌሊት የአባታቸውን መንዙማ በዜማ ሲያነብላቸው ሰምተው ነው።

ስለ ዘመን አቆጣጠር አንድ ነገር እንጨምር፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሰናከላል። ኪታቡ ላይ ያለው ሒጅራ ነው፤ ካታሎጉ እ.ኤ.አ. ይጠቀማል፤ እኛ በቤታችን ዓመተ ምሕረት እንቆጥራለን። የሒጅራውን ዓመት በ0.97 አባዝቶ 622 መደመር ወደ እ.ኤ.አ. ያደርሳል፤ ከዚያ ሰባት ወይም ስምንት መቀነስ። ለምሳሌ በለንደኑ የኸሊሊ ስብስብ ውስጥ ያለው ውብ የሐረር ሙስሐፍ በ1162 ሒጅራ የተጻፈ ነው። ሲባዛ 1127፤ 622 ሲደመርበት 1749 እ.ኤ.አ.፤ በእኛ 1741 ዓ.ም. ይሆናል። አንድ ዓመት ከፍ ዝቅ ሊል ይችላልና ሲፈልጉ ከፊትም ከኋላም ሁለት ሁለት ዓመት ይስጡት። ዓመቱ በቃላት ከተጻፈ ደግሞ ከአንዱ ወደ መቶው የሚሄድ መሆኑን አይርሱ፤ "ሁለትና ስልሳ፣ መቶና ሺህ" ነው የሚለው።

ምስሉ ኢንተርኔት ላይ ስለገባ ዋናው ኪታብ ቢጠፋም ግድ የለም የሚሉ ሰዎች እንሰማለን። በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት የኮምፒዩተር ጥቃት ደርሶበት በኢንተርኔት ያሳይ የነበረው ስብስብ ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። እንዲያ ያለ ትልቅ ተቋም ከተዘጋ፣ የእኛ ስልክ ውኃ ውስጥ ሲወድቅ ምን እንደሚቀር አስቡት። ያገኙትን ምስል በሁለት ቦታ ያስቀምጡ፤ የተገኘበትን ስብስብ ስምና የኪታቡን ቁጥርም በወረቀት ይጻፉ። ቁጥሩን የያዘ ሰው በሚቀጥለው ረመዳን ፍለጋውን ከዜሮ አይጀምርም።

የራስዎን ኪታብ ፎቶ ለማንሣት ካሰቡም ነገሩ ቀላል ነው። ሙስሐፍ ከሆነ ዉዱእ ይደረግ። ንጹሕ ነጭ ጨርቅ መስኮት አጠገብ ይነጠፍ፤ የስልኩ ፍላሽ ይጥፋ። ጀርባው እንዳይሰበር ኪታቡ በግድ አይዘርጋ፤ ግራና ቀኙ በትራስ ይደገፍ። የተቀደደውን በፕላስተር አይለጥፉት፤ ሙጫው ከብሉ የባሰ ይበላዋል። ሽፋኑም ባዶው ገጽም ይነሣ፤ የልደትና የሞት ማስታወሻ ብዙ ጊዜ ባዶ በሚመስለው ገጽ ጥግ ላይ ነው። በየገጹ ግርጌ በግራ በኩል ያለችውን አንዲት ቃል ከሚቀጥለው ገጽ የመጀመሪያ ቃል ጋር ያመሳክሩ፤ ካልገጠሙ በመካከል ወረቀት ወድቋል ወይም ቦታው ተዛውሯል ማለት ነው። ከምስሎቹ ጋር በሚቀመጠው ወረቀት ላይ የኪታቡ ባለቤት ቤተሰብ ከየት አገር እንደመጣ፣ ማን ለማን እንዳወረሰው፣ ቤት ውስጥ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ይጻፍ። የቦታውን ስምም አንዱን መርጠው ሌላውን አይተዉት፦ ገዘር፣ ጋዘር፣ ባኮ ጋዘር፣ ደቡብ አሪ፣ ጂንካ፣ ደቡብ ኦሞ፣ ጋሞ ጎፋ ብለው ሁሉንም ይደርድሩት። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚፈልገው ልጅ በየትኛው እንደሚጠራው አይታወቅም።